ቆማ የተሸለመችው መኪናዬና ስትሄድ የተከሰሰችው መኪናዬ

ጁን 17
ሜፕል ግሌን፣ ሚሺጋን

ለክቡር አቶ ብራድሊ ሆክስትራ
የሜፕል ግሌን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሊቀመንበር

ጉዳዩ፦ በቡናማዋ ፕሊመዝ መኪናዬ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ይመለከታል

እጅግ የተከበሩ ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለሰባቱ የኮሚቴ አባላትና በማስመሪያ እየተለካ ለሚታጨደው ሣርዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ እንደ ዕድሜዬ ደህና ነኝ። ቀኝ ትከሻዬን ብቻ ትንሽ ያመኛል፤ ይኸውም ማኅበራችን ባለፈው ሰኞ በመኪናዬ የፊት መስታወት ላይ፣ ልክ ሾፌር መንገዱን በሚያይበት በኩል፣ የለጠፈልኝን ብርቱካናማ ወረቀት በምላጭና በምግብ ዘይት ስፍቅ ከቁርስ እስከ ምሳ በመዋሌ ነው። ስለ ሙጫው ጥራት ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። እርስዎ የሊቀመንበርነቱን ወንበር ከያዙበት በቀር፣ በዚህ ሰፈር እንዲህ አጥብቆ የያዘ ነገር አይቼ አላውቅም።

ወረቀቱ መኪናዬ «የማይንቀሳቀስ ተሽከርካሪ» መሆኗን አረጋግጦ፣ እስከ መጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ድረስ ከደጄ ካላነሳኋት ማኅበሩ በጎታች መኪና አስጎትቶ እንደሚወስዳት ያስታውቃል። ጉዳዩ የጎረቤቶቼም ስለሆነ ይህን ደብዳቤ በግልጽ ጽፌ ከፖስታ ሣጥኖቹ አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። በስፒል ነው የሰቀልኩት፤ የእርስዎ ዓይነት ሙጫ የለኝም።

እንደሚያውቁት ሁለት ባለጡንቻ መኪኖች አሉኝ። ሁለቱም እኛ ልጆች ሳለን የተሠሩ፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ቤንዚን እንደ ውሃ የሚጠጡ ናቸው፤ ሌላ መኪና የለኝም። ስለ አንደኛዋ ማንም ቅሬታ አቅርቦ አያውቅም። እሷ የባለቤቴ የኤድመንድ ቀይ ፖንቲያክ ናት። ኤድመንድ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዝጋ ከተጣለችበት የገበሬ ጎተራ አውጥቶ፣ ብሎን በብሎን ፈትቶ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሠራት። ሲጨርስ የሚነዳባትን ቀን መጠበቅ ጀመረ። ቀኑ ዝናብ የሌለው፣ አስፋልቱ ላይ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ ከሚበተነው ጨው ያልቀረበት፣ ጠጠር የሚያስፈነጥር ከባድ መኪና የማያልፍበት፣ ፀሐዩም ቀለሟን የማይጎዳ መሆን ነበረበት። በሚሺጋን እንዲህ ያለ ቀን በዓመት ምን ያህል ጊዜ እንደሚገኝ ለእርስዎ አልነግርም። በተገኘም ጊዜ ኤድመንድ ሰም ሲቀባት ይመሽበት ነበር።

የዛሬ ሦስት ዓመት በመጋቢት አረፈ። የፖንቲያኳ ቆጣሪ ከታደሰች ወዲህ ስልሳ አንድ ማይል ብቻ ያሳያል፤ ከዚያም ላይ ግማሹ ከጋራዡ ወጣ ገባ የተባለበት ሳይሆን አይቀርም። የቀብሩ ዕለት ዘነበ። ስለዚህ አላወጣኋትም፤ በእህቴ የቤተሰብ መኪና፣ ከልጆቿ የእግር ኳስ ጫማ ጋር ሄድን። ያን ቀን እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር አላልኩትም።

«ታዲያ ሁለተኛዋን ለምን ገዛሽ?» ብለው እርስዎ ላልጠየቁኝ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። በዚያው ዓመት መኸር፣ መላው ሰፈር መኪናውን አጥቦ፣ አልብሶ፣ አይጥ እንዳይገባበት የልብስ ማለስለሻ ጨርቅ በየወንበሩ ሥር ጎስጉሶ ለክረምቱ ሲያስተኛ፣ እኔ ይህችን የ1973 ፕሊመዝ ገዛሁ። ፓራፋንጎዋ የተጨረማመተ፣ ቀለሟ የደረቀ ጭቃ የሚመስል ናት። በመጀመሪያው በረዶ ገበያ ይዣት ስሄድ ሰዎች የሚያዩኝ ሕፃን ልጅ ያለ ካፖርት እንዳወጣሁ አድርገው ነበር። እኔ ግን የምጠብቀው ቀን የለኝም። በየቀኑ እነዳታለሁ።

አሁን፣ በታላቅ ትሕትና፣ ወደ ቅሬታዎቼ ልግባ።

አንደኛ። በደንባችን አንቀጽ 14 መሠረት ዕድሜዋ ከሃያ አምስት ዓመት ያለፈና በደጅ የቆመች መኪና ሁሉ እንደማትንቀሳቀስ ትቆጠራለች። ወረቀቱ የተለጠፈው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ሲሆን፣ እኔ ወተትና እንቁላል ገዝቼ የተመለስኩት አራት ሰዓት ከአምስት ነበር። የውበት ጥበቃ ኮሚቴ አባሏ ወይዘሮ ሻረን ቅጹን ሊሞሉ ክንዳቸውን በሞተሩ ክዳን፣ በኮፈኑ ላይ ቢያሳርፉት፣ «ውይ! ይሄ ነገር እኮ ይፋጃል!» ብለው ሲዘሉ በወጥ ቤቴ መስኮት አይቻቸዋለሁ። ከዚያም ክንዳቸውን እያሹ «የማይንቀሳቀስ» በሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክት አደረጉ። የማኅበሩን ሥራ እስከ ቃጠሎ ድረስ ለሚወጡ ለእኚህ ሴት ምስጋናዬ ይድረሳቸው። የቃጠሎ ቅባትም ልኬላቸዋለሁ።

ሁለተኛ። በማግስቱ ከጸጥታ ኮሚቴው ሌላ ደብዳቤ ደረሰኝ። ይኸኛው ደግሞ ይህችው መኪና ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ከደጄ ስትወጣ ሰፈሩን እንደምትረብሽ፣ በተለይም ጎዳናው መካከል ቆማ ሦስት ጊዜ ሆን ብላ እንደምትጮኽ ይገልጻል። በአጭሩ መኪናዬ አትንቀሳቀስም፤ ስትንቀሳቀስ ደግሞ ትጮኻለች። ነገሩ ግራ ቢገባኝ ለጸሐፊው ለአቶ ዱዌይን ደወልኩ።

«ወይዘሮ ዶሎረስ፣ የሚጋጭ ነገር እኮ የለውም፤ ሁለቱ የተለያዩ ኮሚቴዎች ናቸው» አሉኝ።

«ታዲያ ቁጭ ብለው ቢነጋገሩስ?» ብላቸው፣ «አይ፣ እነሱ እንኳ ከገና መብራቱ ጠብ ወዲህ አይነጋገሩም» ብለው ስልኩን በትሕትና ዘጉልኝ።

ሦስተኛ። ይህ እንኳ ቅሬታ አይደለም፤ አድናቆት ነው። ወረቀቱ ከመለጠፉ ሁለት ቀን አስቀድሞ፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ማኅበራችን ዓመታዊውን የአሮጌ መኪኖች ቀን አክብሮ ነበር። ባለመኪኖቹ ሁሉ ኮፈናቸውን ከፍተው፣ ከኋላው ታጣፊ ወንበር ዘርግተው፣ ቀኑን ሙሉ የቆመ ሞተር ሲጠብቁ ዋሉ። የኤድመንድን ፖንቲያክ እንዳቀርብ እርስዎ ራስዎ ቤቴ ድረስ መጥተው ለመኑኝ፤ አላሳፈርኩዎትም። ባትሪዋ ሞቶ ስለነበር አራት ወንዶች ገፍተው ሣሩ ላይ አወጧት። ከአራቱ አንዱ፣ ከኋላ በግራ በኩል ፊታቸው ቲማቲም መስሎ ሲገፉ የነበሩት፣ እርስዎ ነበሩ። ከሦስት ሰዓት በኋላ እነዚያው እጆችዎ የአንደኛነቱን ሰማያዊ ሪባን መስታወቷ ላይ አሰሩላት። «እንዲህ ነው እንጂ መኪና መያዝ! አንድ ጠጠር እንኳ አልነካት!» ብለው በድምፅ ማጉያ ሲናገሩ ሕዝቡ አጨበጨበ።

እንግዲህ በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ውሳኔ ተሰጠኝ። ተገፍታ የወጣችው የሰፈራችን ኩራት ስትባል፣ ወተት ገዝታ የተመለሰችው የማትንቀሳቀስ ተባለች። ፍርዱን ስገላብጠው ቆይቼ በመጨረሻ የማኅበሩን እምነት የተረዳሁት ይመስለኛል፤ ባለጡንቻ መኪና የምትከበረው እስከቆመች ድረስ ብቻ ነው። እርስዎም ለዚህ እምነት ምን ያህል ታማኝ እንደሆኑ በኦገስቱ የዉድዋርድ ጎዳና የአሮጌ መኪኖች ሰልፍ በየዓመቱ እናያለን። ነጩን ዶጅዎን በተጎታች ጭነው ይወስዱታል፤ ያወርዱታል፤ ከአንዱ መብራት እስከ ቀጣዩ መብራት ነድተው፣ ለሕዝቡ እጅዎን አውለብልበው፣ መልሰው ይጭኑታል። መኪናን በመኪና ሽርሽር የሚያስወጣ ባለቤት ማግኘት ለማንኛውም ሞተር ዕድለኝነት ነው።

አራተኛ። ያው ብርቱካናማ ወረቀት ሁለት መፍትሔ በደግነት ጠቁሞኛል። ወይ ፕሊመዟን ሸጬ «ዘመኑን የሚመስል» መኪና እንድገዛ፣ አለዚያም እንደ እህቷ አልብሼ ከጋራዡ ውስጥ «በክብር» እንዳስቀምጣት። ክቡር ሊቀመንበር፣ እዚህ ላይ ትሕትናዬ ትንሽ ቢንሸራተት ይቅር ይበሉኝ። ያን ክብር አውቀዋለሁ። አንድ ሰው እሱን ሲጠብቅ ሞቶብኛል። ኤድመንድ መኪናዋን አልሳሳላትም አልልም፤ ግን ደስታውን ሁሉ ለደህና ቀን ሲያስቀምጥ፣ ደህናዎቹ ቀናት በፊቱ እያለፉ ነበር፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ ጨርቅ አቀብለው ነበር። ሁለተኛ አላደርገውም።

አሁን ደግሞ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ወዴት እንደምሄድ ልንገርዎ፤ የጸጥታ ኮሚቴው ሰዓቱን እንጂ መንገዱን አልመዘገበም። በሰፈራችን አንድ የሰማንያ ስምንት ዓመት አዛውንት አሉ። በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት አላቸው። የሚያመላልሳቸው የክሊኒኩ ሚኒባስ ሲለው ማለዳ፣ ሲለው ረፋድ ላይ የሚመጣ በመሆኑ፣ ባለፈው የካቲት በረዶ እየወረደ ደጃቸው ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ፕሊመዟን አቆምኩና «ይግቡ» አልኳቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የማመላልሳቸው እኔ ነኝ።

እኚህ ሰው ሠላሳ አንድ ዓመት የመኪና በር ላሜራ በፕሬስ ማሽን ሲመቱ የኖሩ ናቸው። ገና የመጀመሪያው ቀን በሩን ከፍተው ዘጉት፣ ደግመው ከፍተው ዘጉት፤ «ስሚያት! ይቺን በር እኔ ሳልሆን አልቀርም የመታኋት» አሉኝ። ልክ ይሁኑ አይሁኑ የሚያውቅ የለም፤ እኔ ግን አምኛቸዋለሁ። ከእጥበቱ ሲወጡ ዝለው፣ ፊታቸው ወረቀት መስሎ ነው። ሞተሩ ሲነሳና በሩ መንዘር ሲጀምር መዳፋቸውን ለጥፈውበት ያዳምጣሉ፤ ሰፈር እስክንደርስ ቀልድ መቀለድ ይጀምራሉ። አንድ ቀን ለምን ዘመናዊ ታክሲ እንደማይመርጡ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ እዚያ ስገባ በሽተኛ ነኝ፤ እዚህ ስገባ ግን ሠራተኛ ነኝ» አሉኝ።

ይህችን መኪና ነው እንግዲህ ቅዳሜ የምታስጎትቷት። የሚጎዳው የእኔ ትከሻ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ቀለም ባላፈሰስኩ። ሰኞ ጠዋት ደረጃው ላይ ተመልሰው የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው።

ስለሆነም የሚከተለውን በአክብሮት አሳውቃለሁ። ሰማያዊውን ሪባን በዚህ ደብዳቤ ሥር አያይዤ መልሻለሁ፤ ዘንድሮ ለቆመ ነገር ሁሉ የሚበቃ ሪባን ላይኖራችሁ ስለሚችል ሣር ላይ ለቆመ ለአንዱ የጌጥ ሐውልት ይሁን። ለፖንቲያኳ ትናንት አዲስ ባትሪ ገጥሜላታለሁ። ነገ ወደ ኤድመንድ መቃብር እነዳታለሁ፤ የአየር ትንበያው ዝናብ ይላል፣ እኔም ደስ ብሎኛል። የውበት ጥበቃ ኮሚቴው ስትመለስ ጭቃ የረጨ ፓራፋንጎዋን ለማየት ከፈለገ ደጄ ክፍት ነው፤ ኮፈኑን ግን እንዳይነኩ ለወይዘሮ ሻረን አደራ እላለሁ።

በመጨረሻም ሰባቱም የኮሚቴ አባላት ሁልጊዜ እንደቆሙ እንዲሸለሙ እየተመኘሁ፣ የማትንቀሳቀሰውን መኪናዬን በየቀኑ እየነዳሁ ትእዛዝዎን የምጠባበቅ፣ ሣሬን ከተፈቀደው ቁመት በላይ አሳድጌ የማላውቅ፣ ታዛዥ አባልዎ፣

ዶሎረስ ግራቦውስኪ
የቤት ቁጥር 8

ተጨማሪ፦ የአዛውንቱን ስም ያልጻፍኩት ሚስጥር እንድጠብቅ ለምነውኝ ስለነበር ነው። «ለብራድ እንዳትነግሪው፤ ካወቀ ኮሚቴ ያቋቁምበታል» ብለውኝ ነበር። ብርቱካናማውን ወረቀት ሳሳያቸው ግን «አሁንስ ንገሪው» አሉኝ። አባትዎ አቶ ጌሪት ናቸው። እርስዎ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ሥራ ሲወጡ ሚኒባሱ ይወስዳቸዋል ብለው ያስባሉ፤ ሚኒባሱ ከየካቲት ወዲህ በደጅዎ አልደረሰም። ጎዳናው መካከል ሦስት ጊዜ የሚሰማው ጩኸትም የእሳቸው ነው፤ ከመሄዳችን በፊት መሪው ፊት ተቀምጠው ነዳጁን ሦስት ጊዜ ይረግጡና ወደ ጎን ፈቀቅ ይሉልኛል። ቅዳሜ ከሦስት ሰዓት በፊት መጥተው ፕሊመዟ ውስጥ ቀበቶ አስረው እንደሚጠብቁ፣ ጎታቹ ሲመጣም ልጃቸው ራሱ መጥቶ ካላወጣቸው እንደማይወርዱ እንድነግርዎ አዘዋል። ሲያወጧቸው በሩን ቀስ አድርገው እንዲከፍቱት አደራ ብለዋል፤ እሳቸው የሠሩት ነው።