ያልጻፍኩልህን ደብዳቤ አንብበኸዋል

ወንድምዓለም፣

ከተለያየን ዛሬ፣ ሰኔ 22 ቀን 1974፣ ሦስት ዓመት ሞላ። አስቀድሜ የሆነውን በቅደም ተከተል ላስፍር። ከቅደም ተከተሉ ከወጣሁ መቀጠል እንደማልችል አውቃለሁ።

ሐምሌ 1969 ዓ.ም.፦ ሰቃ፣ በአባትህ ማሳ ላይ አርባ አንድ የቡና ችግኝ ተከልክ። ጉድጓዱን አንተ ቆፈርክ፤ እኔ ርቀቱን በገመድ ለካሁ።

ሰኔ 9 ቀን 1970፦ ከምታስተምርበት ክፍል ተጠርተህ ወጣህ። ጠመኔው በእጅህ እንዳለ ወደ ጅማ ወህኒ ቤት ተወሰድክ።

የካቲት 3 ቀን 1971፦ ሞት ተፈረደብህ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠያቂ ተከለከለ። ስንቅና ያልታሸገ ደብዳቤ ብቻ ይገባ ነበር።

መጋቢት 11 ቀን 1971፦ ደብዳቤህ ደረሰኝ።

ሰኔ 22 ቀን 1971፦ እናታችን ይዛው የሄደችው ስንቅ ሳይከፈት ተመለሰ። ኮትህም አብሮ ተመለሰ።

ከመጋቢት 11 እስከ ሰኔ 22 መቶ አንድ ቀን ነው። ሦስት ወር ሠላሳ ሠላሳ፣ በላዩ አሥራ አንድ። ደጋግሜ ቆጥሬዋለሁ። አይቀንስም።

ደብዳቤህ ግማሽ ገጽ ነበር። ሦስት ነገር ጠየቅኸኝ። የእማዬ ዓይን በሐኪም ታየ ወይ? ችግኞቹ በጋውን አለፉ ወይ? ሦስተኛውን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፤ «ሚዛኔ፣ በእኔ አፍረሻል ወይ? አንድ መስመር ይበቃኛል። ብቻ በራስሽ እጅ ይሁን።»

ሚዛኔ ብሎ የሚጠራኝ ከአንተ በቀር ሰው አልነበረም። ልጆች ሆነን ሸንኮራ ስንካፈል ሁለቱን ቁራጭ በሁለት መዳፌ ሳልመዝን አንዱን እንደማልመርጥ አይተህ ያወጣህልኝ ስም ነው። እኔም በስምህ ጠርቼህ አላውቅም፤ ወንድምዓለም ነው የምልህ። እየሳቅህ ትጠብቀኝ ነበር። መዝኜ ስጨርስ ደግሞ የደረሰህን ገምሰህ ትጨምርልኛለህ፤ ልፋቴ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ለአንድ መስመር መቶ አንድ ቀን ለምን አልበቃኝም? ይህን ለማስረዳት ስለ አንድ ቅጽ መናገር አለብኝ። አንተ ሳታውቀው ሞተሃል።

ከተያዝክ ከሁለት ወር በኋላ የምሠራበት የአፈር ምርመራ መሥሪያ ቤት ለሠራተኛው ሁሉ ቅጽ አደለ። ተራ ቁጥር አሥራ አራት እንዲህ ይላል፤ «በፀረ አብዮት ተግባር የታሰረ ወይም የተፈረደበት የቅርብ ዘመድ አለዎት?» «የለኝም» ብዬ ጻፍኩ። ማንም አልጠረጠረም። አንተ የሰቃ ገበሬ ልጅ ነህ፤ የእኔ አባት ከሰሜን የመጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። የአንተና የእኔ ስም ከየአባታችን ስም ጋር ጎን ለጎን ቢጻፍ እህትና ወንድም ናቸው የሚል ሰው አይገኝም። እማዬ ግን «ልጅ በአባቱ ይጠራል እንጂ በአባቱ አይጠባም» ትል ነበር። እኔ የጠባሁትን ትቼ በተጠራሁበት ተጠለልኩ።

ለእስረኛ የሚላክ ደብዳቤ ደግሞ ከላዩ የላኪው ሙሉ ስም፣ የሥራ ቦታውና ዝምድናው ካልተጻፈበት አይገባም ነበር። በዚያ መስመር ላይ «እህት» ብዬ ብጽፍ ሁለት ወረቀቶች ይኖራሉ፤ በአንዱ ወንድም የለኝም፣ በሌላው አለኝ፤ ሁለቱም በእኔ እጅ የተጻፉ። ይህን አሰላሁ። ሦስት ሌሊት አሰላሁ።

ፈራሁ ብዬ ለራሴ አልነገርኩም። የተማረ ሰው ፈራሁ አይልም፤ መረጃው አልተሟላም ይላል። ስለዚህ መረጃ ማሟላት ጀመርኩ። ሚያዝያ ውስጥ ሰቃ ሄድኩ። የናሙና ከረጢትና መቆፈሪያ ይዤ ሄድኩና ለጠየቀኝ ሁሉ የአፈር ናሙና ልወስድ ነው የመጣሁት አልኩ። ችግኞችህን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ሠላሳ ሦስቱ ጸድቀዋል፣ ስምንቱ ደርቀዋል፤ ከስምንቱ ሦስቱን ምስጥ በልቷቸዋል። በማስታወሻዬ አሰፈርኩ። አምስቱ ለምን እንደደረቁ ሳላውቅ ልጽፍልህ አልፈለግኩም፤ አፈሩን ወደ ላቦራቶሪ ወሰድኩ። ውጤቱ ሲወጣ የእማዬ የሐኪም ቤት ቀጠሮ ይቅደም አልኩ። ቀጠሮው ሲደርስ የምሕረት ማመልከቻህ መልስ ይምጣ አልኩ። ሦስት ጥያቄ ጠይቀኸኝ ሁለቱን ሳጣራ ከረምኩ። ሦስተኛው ማጣራት አያስፈልገውም ነበር።

አልሞከርኩም ለማለት አይደለም። አንዱን በእጄ ጻፍኩ፤ «እህትህ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ አቃጠልኩት። ሁለተኛውን በመሥሪያ ቤቱ የጽሕፈት መኪና መታሁት፤ የዚያ መኪና «ለ» አንድ እግሯ የተሰበረ ስለሆነ ከየት እንደወጣ ማንም ያውቃል፤ እሱንም አቃጠልኩት። በሦስተኛው ላይ የሚያስጠረጥረውን ቃል ሁሉ እያወጣሁ ስሄድ በመጨረሻ «እንዴት ነህ» የሚለው ብቻ ቀረ። ሞት ለተፈረደበት ሰው እንዴት ነህ ብሎ መላክ አሳፈረኝ። ቀደድኩት።

እማዬ በየእሑዱ ከቤታችን ከቦሳ ኪቶ እስከ ወህኒ ቤቱ በእግሯ ትሄድ ነበር። በሶውን ከላቦራቶሪ በማመጣላት አሮጌ ወረቀት ትጠቀልላለች፤ ወጡን በሳህን፣ ሳህኑን በጨርቅ ትቋጥራለች። ፊደል ባለማወቋ የምታዝነው በዚያን ጊዜ ብቻ ነበር። «ጻፍሽለት?» ትለኛለች። «ልኬለታለሁ» እላታለሁ። አንድ ቀን ፊቷ ጠቁሮ ተመለሰች። የበሩ ዘበኛ «እማማ፣ የእርስዎን ልጅ ማንም አይጽፍለትም እንዴ? በቤታችሁ ፊደል የቆጠረ ሰው የለም?» ብሏት ኖሯል። «አለ፤ ትልቅ የተማረች ልጅ አለችኝ» ብላ መለሰችለት። ፖስታው ዘግይቶ ይሆናል አልኳት። አመነችኝ።

ሰኔ 22 ዘበኛው ዝርዝሩን አየና ሳህኑን መለሰላት። «ከእንግዲህ አይልፉ፣ እማማ። ለቅሶም እንዳይሰማ» አላት። ወጡ እንደሞቀ ቤት ደረሰ። ድንኳን አልተተከለም፤ ጎረቤቶች አንድ በአንድ፣ ወንፊት ሊዋሱ የመጡ መስለው ገቡና ወጡ። አንዷ ወንፊቱን እውነት ይዛው ሄደች፤ ባዶ እጇን መውጣት ፈርታ።

ከዚያ ወዲህ የተለወጠውን ልንገርህ። የእማዬ ቀኝ ዓይን ጠፍቷል፤ ግራው ብርሃንን ከጨለማ ይለያል እንጂ ፊት አይለይም። እኔን በእርምጃዬ ታውቀኛለች። ማሳህ ለሌላ ገበሬ ተደልድሏል። ደግ ሰው ነው። ባለፈው ኅዳር ዛፎችህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያፈሩ ቀዩን ፍሬ በመሐረብ ቋጥሮ ለእማዬ ላከላት። አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰችው፤ እስኪደርቅ ከራስጌዋ አልተነሳም።

ይህን ሁሉ ችዬ እኖር ነበር። ሰው በዝምታው ላይ ቤት ሠርቶ መኖር ይችላል። ባለፈው ግንቦት ግን እንግዳ መጣ።

ከደቡብ ለቡና ለቀማ መጥቶ እዚሁ ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር የተቀመጠ፣ በጸሎት ቤቱ ምክንያት የታሰረና አሁን የተፈታ ሰው ነው። ከአንተ ጋር በአንድ ክፍል ነበር። ስሙን አልጽፈውም። «ጌታ ይባርካችሁ» ብሎ ገባና ባርኔጣውን በጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እህቴ፣ የመጣሁት ላመሰግንሽ ነው» አለኝ። «ስለ ደብዳቤሽ።»



ደብዳቤ በሚታደልበት ቀን ፊትህን ታጥበህ፣ ጸጉርህን አበጥረህ ትቆም እንደነበር ነገረን። እደላው ሲያልቅ ሌሎቹ ያሾፉብህ ነበር፤ «መምህር፣ ሙሽራዋ ዛሬም ቀረች?» ይሉሃል። አንተም «እህቴን አታውቋትም። አፈሩን ሳትመረምር ዘር አትዘራም። ይመጣል» ትላቸዋለህ። ከዕለታት አንድ ቀን፣ ሰኔ እንደገባ፣ ስንቅህን ተቀብለህ ከተመለስክ በኋላ ወረቀት ይዘህ ቆምክ። «መጣ! ሚዛኔ ጻፈችልኝ!» አልክ። እንግዳው የሰማውን በቃሉ ይዞታል፤ «ወንድምዓለም፣ የእማዬ ዓይን ታክሞ ድኗል። አርባ አንዱም ችግኝ ጸድቋል። በአንተ አላፈርኩም።» ብዙዎቹ ከቤታቸው ቃል ያልመጣላቸው ነበሩና በየቀኑ አንብብልን ይሉህ ነበር፤ አንተም ታነብላቸዋለህ። «ወረቀቱን ግን ለማንም አይሰጥም» አለ ሰውዬው። «ከሩቅ አይቼዋለሁ። ጽሕፈትሽ እንዴት ያምራል! ቁጥር ሁሉ ነበረበት። ቁጥር ትወዳለች እያለ ይስቅ ነበር። በኮቱ የደረት ኪስ ይይዘዋል።»

እማዬ ወደ ድምፁ አቅጣጫ ተንጠራርታ እጁን ያዘችው። «አላልኩም?» አለች። «ኢንተላ ኮ መጻፏን እኔ አውቃለሁ፤ ልጄ መጻፏን አውቃለሁ!» ሆዷ ሲባባ ወደ ኦሮምኛዋ እንደምትመለስ ታውቃለህ። ሦስት ዓመት ያላለቀሰችውን በዚያች ሰዓት አለቀሰች። እኔን ባረከችኝ። እኔን፣ ወንድምዓለም።

እንግዳው ሲሄድ ኮትህን ከሣጥኑ አወጣሁ። እማዬ አላጠበችውም፤ ኪሱንም አልነካችውም ነበር። ወረቀቱ በአራት ታጥፎ እዚያው አለ። የበሶ ዱቄትና የቅባት ነጠብጣብ አለበት። የላቦራቶሪያችን የውጤት ወረቀት ነው። የማና ወረዳ አፈር፤ ጥልቀት፣ እርጥበት፣ ኮምጣጣነት፤ ሃያ ሁለት ረድፍ ቁጥር በእኔ እጅ የተሞላ። እማዬ በሶ ጠቅልላበት ገባልህ። ከቁጥሮቹ ሥር እኔ የጻፍኩት አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። አንድ መስመር በራስሽ እጅ ብለህ ለምነኸኝ የደረሰህ መስመር ይህ ነው፤ «እርግጠኛ ለመሆን በድጋሚ ይጣራ።»

ይህን እያየህ ያንን አነበብክ።

የፈተናዬ ውጤት የተለጠፈ ቀን ትዝ ይልሃል? እኔ ማየት ፈርቼ ዛፍ ሥር ቀርቼ ነበር። አንተ ከሰቃ በእግርህ መጥተህ ሰሌዳው ጋ እንደደረስክ «አልፈሻል!» ብለህ ጮህክ። ከዚያ ዞረህ ስሜን መፈለግ ጀመርክ። ያኔ አገኘኸው። አሁንስ ሃያ ሁለቱን ረድፍ ስንት ጊዜ ፈለግህ? በአንድ ጥግ ላይ ስምህን ያኖርኩ እየመሰለህ ስንት ጊዜ አገላበጥከው? ይህን ጥያቄ የሚያጣራልኝ ሰው በዓለም ላይ የለም። ከእንቅልፌ እየቀሰቀሰኝ ያለው እሱ ነው።

በአንተ አላፈርኩም። አንድ ቀንም አላፈርኩም። ይኸው ጻፍኩት፤ አራት ሰከንድ ፈጀብኝ።

አስታውስሃለሁ ብዬ ቃል ብገባልህ አይከብደኝም። ማስታወስ የላኪ ስም አይጠይቅም፤ ዝምድና አያስሞላም። ስለዚህ ከእኔ እንዲህ ያለውን ቃል አትቀበል። ባለፈው ሳምንት ቅጹ እንደገና ታድሏል። ተራ ቁጥር አሥራ አራት አንድ ቃል አልተለወጠም። የበሶው ወረቀት በቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እስክሪብቶውን ይዤ ብዙ ቆየሁ። የእማዬ መድኃኒት አለ፣ የምንኖርበት ቤት አለ፤ ምክንያት ነበረኝ። ምክንያት አጥቼ አላውቅም። «የለኝም» ብዬ ፈረምኩ።

ይህ ደብዳቤ በራሴ እጅ የተጻፈ ነው። የት እንደምደብቀውም አስቤ ጨርሻለሁ። መጨረሻውን እንደ መጀመሪያው በቅደም ተከተል ላስፍር። በመቶ አንድ ቀን ውስጥ አንድ መስመር አልጻፍኩልህም። ላመሰገነኝ ሰው አልጻፍኩም አላልኩትም። ለእናታችን እውነቱን አልነገርኳትም። በዚህ ደብዳቤ ላይም፣ ከላይ እስከ ታች፣ ስምህን አልጻፍኩም። ስሜንም አልጻፍኩም።