ባለቤቴን በየሳምንቱ ስለምታስጠራው ኮፒ ማሽንዎ

ለተከበሩ የሰነድ ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ለእርስዎ ጤና፣ ለወንበርዎ ጽናት፣ ለኮፒ ማሽንዎ ደግሞ አጭር ዕድሜ ከልብ እየተመኘሁ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው በፖስታ አሽጌ መላክ አቅቶኝ ሳይሆን፣ ፖስታዎን ተቀብላ የምትከፍተው የኮፒ ክፍል ሠራተኛዎ መሆኗን ስለማውቅ ነው።

እኔ ማሽንዎን የሚጠግነው ባለሙያ ሚስት ነኝ። ቢሮዎ በየሳምንቱ እሷን ስለሚያበላሽለት፣ ባለቤቴ ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ ለዚህ ውለታዎ እግዜር ይስጥልኝ።

አንደኛ፦ እራት ላይ የሚያወራው ስለ እሷ ብቻ ነው። ሆዷ ውስጥ ያለው ድራም የሚሉት ተሽከርካሪ ቱቦ በጨለማ ኤሌክትሪክ እንደሚይዝ፣ መብራቱ በወረቀቱ ላይ ሲያልፍ ነጩ ቦታ ብርሃኑን ድራሙ ላይ እንደሚመልስና ብርሃን ያረፈበት ሁሉ ኤሌክትሪኩን እንደሚለቅ፣ ጥቁሩ ፊደል ግን ብርሃን ስለማይመልስ የእሱ ድርሻ እዚያው እንደሚቀር፣ የቀለሙ ዱቄትም በቀረው ላይ ብቻ ተጣብቆ ወደ ወረቀቱ ከተሳበ በኋላ በሙቀት እንደሚቀልጥ ሲያስረዳኝ ዓይኑ ያበራል። ምግቡ ይቀዘቅዛል። ስለ እኔ ለማንም እንዲህ አብራርቶ እንደሆነ ግን አልሰማሁም።

ሁለተኛ፦ ድራሟን ብርሃን ይጎዳታል ብሎ፣ ባወጣት ቁጥር በጥቁር ጨርቅ ይሸፍናታል። የመኝታ ቤታችን መጋረጃ ከወደቀ ግን ሰነባብቷል፤ ፀሐይ ፊቴ ላይ እየወጣችብኝ እነቃለሁ። እኔን ብርሃን አይጎዳኝም መሰለኝ።

ሦስተኛ፦ የማሽኗ ኤሌክትሪክ ከብረት ጋር አይስማማም በማለት፣ እናንተ ዘንድ ሲደርስ የጋብቻ ቀለበቱን ያወልቃል። ጥንቃቄው የሚደነቅ ነው። ቀለበቱን ተቀብላ እስኪጨርስ በራሷ ጣት አድርጋ የምትቆየው ግን ያችው ሠራተኛዎ መሆኗን የነገረችኝ የጽዳት ሠራተኛችሁ ናት።

ይህችው የኮፒ ክፍል ሠራተኛ ስልክም ትደውላለች። በቀደም እሱ እጁን ሲታጠብ አነሳሁትና፣ «ዛሬም አልነሳ ብላለች፤ አንተ ካልነካሃት አይሆንላትም» ስትል ሰማኋት። ስለ ማሽኗ ነው አለኝ። ይሁን። ቀንቻለሁ፤ መቅናቴንም አልደብቅም፤ ያቃተኝ በየትኛዋ እንደቀናሁ መለየት ብቻ ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎ አሮጊቷን ማሽን በጡረታ እንዲያሰናብቱልኝ፣ ይህ ካልሆነም ሠራተኛዋን ወደ ሌላ ክፍል እንዲያዛውሩልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ላደረጉልኝም፣ ይልቁንም ላላደረጉልኝ ሁሉ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ከማይቀዘቅዝ አክብሮት ጋር፣
የጠጋኙ ሕጋዊ ሚስት

ማሳሰቢያ፦ ማታ ማታ ቤቴ የሚመጣው ሰውዬ ቁርጥ ባለቤቴን ይመስላል፤ ትንሽ ደብዘዝ ብሏል እንጂ። ጽሕፈት ቤትዎ ዋናውን ያልያዘ ባለጉዳይ እንደማያስተናግድ አውቃለሁ። እኔ ግን ኮፒውን ብቻ ይዤ እመጣለሁ፤ ዋናው እናንተው ዘንድ ስላለ፣ አስተያይታችሁ «ከዋናው ጋር ተገናዝቧል» የሚለውን ማህተም ግንባሩ ላይ ምቱልኝ።