ሐኪሙም ሹፌሩም አቶ አጥናፉ

ይድረስ ለክቡር አቶ ቶማስ፣
የአቀበት ሴቶች እግር ኳስ ክለብ ሥራ አስኪያጅ፣
ጉለሌ

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎን አሞዎት ከአንዱ ስፔሻሊስት ወደ ሌላው ሲመላለሱ መሰንበትዎን ሰምቼ ቀጨኔ መድኃኔዓለም ሄጄ ጸልዬልዎታለሁ። ምሕረቱን ያውርድልዎ፤ ያለ ወገብ ወንበር ላይ መሰንበት አይቻልምና።

ይህን በአደባባይ የምጽፍልዎ የክለብዎ አሥር ቁጥር አጥቂ የሄርሜላ እናት ነኝ። ባለፈው ሳምንት ዊንጌት አካባቢ በሚገኘው የልጄ ትምህርት ቤት፣ በሙያ ቀን፣ ስለ ስፖርት ሕክምና ዘርፎች ለተማሪዎች ያደረጉትን ንግግር ከወላጆች መሀል ተቀምጬ አዳምጫለሁና ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

1ኛ. የስፖርት ሐኪም፣ ፊዚዮቴራፒስት፣ የሥነ ምግብና የሥነ ልቦና ባለሙያ የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸውን፣ እያንዳንዳቸውም የዓመታት ትምህርት እንደሚጠይቁ ስላስረዱን አመሰግናለሁ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ አራቱም ተጠቅልለው አማችዎ አቶ አጥናፉ ዘንድ ያሉ ይመስለኝ ነበር። እርሳቸው የክለቡን አውቶቡስ ይነዳሉ፤ መንገድ ላይ ለልጆቹ ፓስታ በዳቦ ያዝዛሉ፤ ሜዳ ሲደርሱ ደግሞ ነጭ ጋወን ደርበው ወጌሻ ይሆናሉ። ደንበኛ ወጌሻ አጥንት ዳስሶ ያውቃል፤ እርሳቸው ዳስሰው የሚያውቁት ማርሽ ብቻ ነው።

2ኛ. ልጄ ጉልበቷ ተጠምዝዞ ስትወድቅ አቶ አጥናፉ ፈጥነው ስለደረሱላት አመሰግናለሁ። ቀዝቃዛውን እስፕሬይ ነፉባት፣ በፋሻ ጠቀለሏት፣ ስታለቅስም "ወንድ ሁኚ፣ ተነሺ!" አሏት፤ ይህ እንግዲህ የሥነ ልቦና ክፍሉ መሆኑ ነው። እርስዎም ከክብር ወንበርዎ ብድግ ብለው፣ ተቀያሪ ተቀምጣ እያለች፣ ልጄ ተመልሳ ትግባ ብለው በእጅዎ አዘዙ። ገባች። ሁለተኛ ስትወድቅ ግን አልተነሳችም። የአጥንት ሐኪሙ ያኔውኑ ወጥታ ብታርፍ ኖሮ ጅማቷ ሊተርፍ ይችል እንደነበር፣ አሁን ግን ያለ ቀዶ ሕክምና እንደማትሮጥ ነገሩኝ።

3ኛ. ክለቡ እንዲያሳክማት ስደውልልዎ "አቶ አጥናፉ ይከታተሏታል" ብለው ስላረጋጉኝ አመሰግናለሁ።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ክቡርነትዎ። "የተጫዋች ጤና ከዋንጫ ይቀድማል" ብለው አዳራሹ ሲያጨበጭብልዎ እኔ አላጨበጨብኩም። ጎረቤታችን ኢታና ልጄን አዝሎ የቀጨኔን አቀበት ሲያወጣት ከኋላው ክራንቿን ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ፤ እርስዎን ባሰብኩ ቁጥር አፌን የሚሞላው ምራቅ ነው። ተጸይፌዎታለሁ፤ ይህንንም በታላቅ ትሕትና ነው የምለው። ይሁንና ቃሉን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተናግረውታል፤ የአፍ ወለምታ ደግሞ በቅቤ አይታሽም። ያሳክሟት።

የወገብዎን ጽናት፣ የወንበርዎንም ልስላሴ ዘወትር የምመኝልዎ፣
ጽጌረዳ መሸሻ
ከቀጨኔ

ማስታወሻ፦ በንግግርዎ ማብቂያ "ከእናንተ የስፖርት ሐኪም መሆን የሚፈልግ ማነው?" ሲሉ ክራንቿን ተደግፋ እጇን ያወጣችውን ልጅ ያስታውሷታል? ወርደው ጭንቅላቷን እየዳበሱ "አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ኳስ ባትጫወቺም ሙያው ይቀበልሻል" አሏት። አሥር ቁጥርዎ እርሷ ናት።