ሬሀናን ያለ አልበሟ ለሸኙት ክቡር ሊቀመንበራችን

ለተከበሩ አቶ ዘሩባቤል
የ«ዊንተር ፌሪ» ባንድ ወዳጆች የዓርብ ማኅበር ሊቀመንበር
ደማም፣ ሳዑዲ ዓረቢያ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎ፣ ቤትዎ፣ ያ አዲሱ ትልቅ ስፒከርዎም ደህና ናቸው? እኔ አል ባዲያ ውስጥ ከሙቀቱና ከሚያንጠባጥበው ኤሲዬ በቀር አንድም የሚከፋኝ ነገር ሳይኖር፣ ማለትም እስካለፈው ዓርብ ድረስ ሳይኖር፣ ደህና ነኝ።

የጎረቤትዎን የሬሀናን ወሬ ሳልነግርዎት ባልፍ ቅር ይለኛል፤ በአንድ ደረጃ እየወጡ እየወረዱ ያልጠየቋት መቼም ሥራ በዝቶብዎት ነው። ጉልበቷ ብሶበታል፤ ሐኪሙ ኦፕሬሽን ቢላት «አገሬ ገብቼ» ብላዋለች። ኮምቦልቻ ያለችው ልጇ ሴት ልጅ ተገላግላለች፤ እናትም ልጅም ደህና ናቸው። አሠሪዋ፣ ካፊሏም፣ ሳያንገላታት የመጨረሻ መውጫዋን፣ ኹሩጇን፣ አውጥቶላታልና ረቡዕ ጠቅልላ ትገባለች።

ደብዳቤው ግልጽ ነውና፣ ለማያውቁን አንባቢዎች አንድ ሁለት ነገር ልበል። ሬሀና ራካ ውስጥ የምትሠራበት ቤት ሽማግሌው ኢንጂነር የዚህን የድሮ የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ሸክላ ከጠዋት እስከ ማታ ያጫውቱ ነበር። እሷ ወለሉን ስትወለውል ሙዚቃው ገባባት፤ እሷ ደግሞ ለእኛ አስገባችብን። እንግሊዝኛው ስለማይዘልቀን አልበሞቹን በሽፋናቸው ሥዕል ጠራናቸው፦ «ቀዩ በር»፣ «የሰመጠው ፒያኖ»፣ «ወርቃማው ፈረስ»። አንዱ ዘፈን ብቻውን ሃያ ደቂቃ ይሄዳል፤ መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት የማዳሜ፣ የአሠሪዬ፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽን የተበላሸ መስሎኝ ሮጬ ነበር። ዛሬ እኔ የ«ቀዩ በር» ሰው ነኝ፤ ሬሀና «ፒያኖው»ን የሚያህል የለም ትላለች፤ በዚህ ነገር ሁለት ሳምንት ተኮራርፈን እናውቃለን።

ጠቅልሎ የሚገባ ሰው ካለ ደግሞ፣ በመጨረሻው ዓርቡ፣ በምንከራያት እስትራሃ፣ ማለት በመዝናኛዋ ግቢ፣ እሱ የመረጠው አልበም ከጫፍ እስከ ጫፍ ይደመጣል። ስልክ ሁሉ በትልቁ የሩዝ ድስት ገብቶ ይከደናል። እስኪያልቅ ማንም አይናገርም። ይህን ሕግ ያወጡት ክቡርነትዎ ነዎት፤ እኛ እጅ አወጣን እንጂ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ፦ ከኮበር ድረስ በፌስቡክ ላይቭ የሚያስተላልፈውን አቶ ከፈለኝን ሳይነግሩን ስለጋበዙልን እናመሰግናለን። ማዳማቸውን «ሐኪም ቤት ነኝ» ብለው የመጡት ሴቶች በመላው ዓለም ሲታዩ የተሰማቸውን ደስታ እነሱው ይንገሩዎት።

፪ኛ፦ ከድስቱ ውስጥ ስልክ መጀመሪያ ያወጣው የማን እጅ እንደሆነ ስላሳዩን እናመሰግናለን። አርአያ ማለት ይህ ነው።

፫ኛ፦ ይህችኛዋ ትረዝማለች፣ ይታገሡኝ። ሬሀና አዲሱን ሻሿን አስራ፣ የታመመ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ፣ ዓይኗን ጨፈነች። «የሰመጠው ፒያኖ» በውኃ ድምፅ እንደሚጀምር ያውቃሉ፤ ውኃው ይቆያል፣ ይቆያል፣ ሰው ተስፋ ሊቆርጥ ሲል ፒያኖዋ ከሥር ትመጣለች። ክቡርነትዎ ፒያኖዋ ሳትመጣ አቆሙት። «ላይቭ ላይ ነን፣ ሰው ይሰለቻል» ብለው «ወርቃማው ፈረስ»ን ከፈቱልን። ያንኑ ፈረስ! አጫጭር ዘፈን ሞልቶበታል፣ ባንዱ ለገበያ ያደረበት አልበም ነው ብለው ሙሉ ከሰዓት ያስተማሩንን! አባላችን ጀቤሳ እሱን ቢያፏጭ አስነሥተው ቤቱን ይቅርታ ያስጠየቁትን! እኔ እንኳን፣ እግዜር ያያል፣ ደስ እያለኝ እርስዎን አምኜ ከማድ ቤቴ አባርሬው ነበር። ዓርብ ግን እርስዎ ለፈረሱ አጨበጨቡ። በሁለት እጅዎ።

ሬሀና ማሽኑ የተበላሸ መሰላት። «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ይሠሩታል» አለችኝ፤ ዓይኗን አልገለጠችም። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ነው ገልጣ እርስዎን ያየችው። እርስዎ ለኮሜንት ሰላምታ እየመለሱ ነበር። እኔ ደግሞ እሷን እያየሁ ነበር።

፬ኛ፦ ኬኩ ጥሩ ነበር።

ሰው አልበሙን በስልኩ መስማት ይችል የለም ወይ ይሉኝ ይሆናል። ይችላል። ሬሀና ለብቻዋ ስትሰማው፣ በሰው ቤት፣ መወልወያ ይዛ፣ ጠጉሯ ሸብቷል። የለመነችን አንድ ጊዜ ቁጭ ብላ፣ ከእኛ ጋር፣ እስከ መጨረሻው እንድትሰማው ነበር። «አይዞሽ፣ ያንቺን ዓርብ በእጄ ነው የማዘጋጀው» ያሏት ደግሞ እርስዎ ነዎት፤ ደረጃው ላይ፣ እኔ ባለሁበት። ሌላ ሰው ቢሆን ባልጻፍኩ። እርስዎን አምነንዎት ነበር።

ስለዚህ ማክሰኞ ከመግሪብ ሶላት በኋላ በእኔ ክፍል አልበሙን እናዳምጣለንና ስፒከርም ኬክም ሳይዙ ቢገኙልን፣ ምንም ሳይናገሩ አጠገቧ ቢቀመጡ፣ ለእኔ ይህን ደብዳቤ እንደመቅደድ ይቆጠራል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ በአመራርዎ ሥር ዝም ብሎ ማዳመጥን የተማርኩ፣ አሁን ግን ዝም ማለት ያቃተኝ ታዛዥዎ፣

አዲስዓለም
ከአል ባዲያ

ተጨማሪ፦ ከላይ ያለው ከማክሰኞ በፊት ደርሶዎታል፤ ይህን የጨመርኩት ረቡዕ ነው፤ ሬሀና ሄዳለች። ማክሰኞ ማን ማን እንደመጣ ላሳውቅዎት። ሌላው አባላችን ሙሄዲን ከኢንዱስትሪ ከተማው አውቶቡስ በሥራ ልብሱ ወርዶ መጣ፤ ፒያኖዋ ስትገባ እንቅልፍ ጣለውና አንኮራፋ፤ ሬሀና አትቀስቅሱት ብላ በእጇ ጠቆመችን። ጀቤሳ መጥቶ፣ እስከ መጨረሻው ሰምቶ፣ «እኔ ግን ፈረሱን አሁንም እወደዋለሁ» ብሎ ሄደ። ሳይጠራ የመጣው ከፈለኝ ነው፤ ጫማውን አውልቆ በር ሥር ተቀመጠ፣ ስልኩን አልነካም። ሲያልቅ «እትዬ፣ እኔኮ ዓርብ ይህንኑ ልቀርጽ ነበር የመጣሁት፤ ፈረሱ ይሻላል ያሉኝ ሊቀመንበራችሁ ናቸው» አለኝ።

ሬሀና «ዘሩስ?» ብላ ሁለቴ ጠየቀችኝ። ታሟል ብዬ ዋሸኋት። «ውይ፣ አላህ ያሽረው! አገሬ እንደገባሁ እደውልለታለሁ» አለች። እንግዲህ ስትደውልልዎት፣ ክቡር ሊቀመንበር፣ እባክዎ ትንሽ ያስሉላት።