ለጽዳት የተደፋ ቆሻሻ

ጥር 19። ሌላ ሰው የተወጋበት መርፌ የልጄን መዳፍ ወጋ።

ለተከበሩ የከተማው ጽዳት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤና፣ በተለይም ለእጆችዎ ደኅንነት እመኛለሁ። ጥር 19 ቅዳሜ፣ በጽዳት ዘመቻው ዕለት፣ ነጭ ጓንት አጥልቀው ከወንዙ ዳር አንዲት ባዶ ጠርሙስ ሲያነሱ፣ ፎቶ አንሺው ስላመለጠው መልሰው ጥለው እንደገና ሲያነሱ አይቻለሁና ድካምዎ ይገባኛል።

እኔ ድልድዩ አጠገብ ያለሁት ልብስ ሰፊ ነኝ። ይህን የምጽፈው ከቢሮዎ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ መሆንዎን በትሕትና ነግራኛለች፤ የስልክ ሳቅዎ ግን በበሩ ሥር ይሰማል። እስኪጨርሱ ምስጋናዬን ላቅርብ።

አንደኛ፣ ልጄና የክፍል ጓደኞቿ ማንም ሳያዛቸው ከትምህርት መልስ እየወረዱ ወንዙን አጽድተውት ነበር። በዘመቻው ዋዜማ፣ ዓርብ ዕለት፣ ቦታውን ሊያዩ የመጡት ባልደረቦችዎ ለካሜራ የሚሆን ቆሻሻ ቢያጡ፣ እንግዳ ተጠርቶ ድግስ እንደጎደለበት ሰው ተጨነቁ። ብዙም ሳይቆይ መኪናችሁ መጥቶ አንድ ሙሉ ጭነት ልጆቹ ባጸዱት ላይ ገለበጠ። ከሱቄ ወጥቼ ሾፌሩን ምን እያደረገ እንደሆነ ብጠይቀው፣ «ወንድሜ፣ ነገ የሚጸዳ ነገር ያስፈልጋል፤ አንተ ስፌትህን ስፋ» አለኝ። ከጽሕፈት ቤትዎ እውነቱን የነገረኝ እሱ ብቻ ስለሆነ አመሰግነዋለሁ። አሁን ልጠይቀው ብፈልግ ወደ ሌላ ከተማ እንዳዛወራችሁት ሰማሁ።

ሁለተኛ፣ በማግስቱ ለዘመቻው ለጠራችኋቸው ለልጄና ለጓደኞቿ ስላደላችሁት ጓንት። የዳቦ ላስቲክ ከእሱ ይወፍራል። ከገለበጣችሁት ቆሻሻ ውስጥ የነበረው መርፌ አልፎ ሲገባ ቅንጣት አላስቸገረውም።

ሦስተኛ፣ ሐኪሙ ለጥንቃቄ ያዘዘላት መድኃኒት የቀመሰችውን ሁሉ ያስመልሳታል። መርፌው የየትኛው ክሊኒክ እንደሆነና ማን እንደተወጋበት ቢታወቅ መድኃኒቱ ሊቀየር፣ ምናልባትም ሊቆም እንደሚችል ነግሮኛል። መኪናው ከየት እንደጫነ ብጠይቅ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ዓይኑን በጨው አጥቦ «በዕለቱ የተንቀሳቀሰ መኪና የለም፤ ቆሻሻው የነዋሪው የግንዛቤ ጉድለት ውጤት ነው» ሲል በማኅተም መለሰልኝ። እንግዲህ ግንዛቤዬ ይዳብር ዘንድ አንድ የክሊኒክ ስም ይንገሩኝ። ይቅርታዎን ለሌላ ጊዜ ያቆዩት።

የመጣሁበትን ጉዳይ ሳልዘነጋ፦ ሰኞ የወንዝ ጽዳት ሽልማቱን ሲቀበሉ የሚለብሱትን፣ እንዳሳጥረው የላኩልኝን ሱሪ ይዤልዎት ነበር። አሁን ግን ልጄ ደወለች፤ እንደገና አስመልሷታል። ሱሪዎን እንደያዝሁ ሄጃለሁ።

ልክዎን ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት የማውቅ፣
ታዛዥ ልብስ ሰፊዎ

ግልባጭ፦ ለድልድዩ ግንብ፣ መንገደኛ ሁሉ እንዲያነበው

ማስታወሻ፦ እስካሁን ያሳጠርሁት አንዱን እግር ብቻ ነው። ሌላው የክሊኒኩ ስም በመጣ ዕለት ያልቃል፤ ካልመጣ ግን እንዲሁ እልክልዎታለሁ፤ ሰኞ መድረክ ላይ እንደ ሥራዎ በግማሽ ቀርቶ ይታያል።