ከብስኩት ቆርቆሮ የወጣው የአቶ ዎልተር መኪና ቁልፍ

ለቬንደርሎ ከተማ ፖሊስ ጣቢያ ኃላፊ
ቬንደርሎ፣ ሆላንድ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 2019

ጉዳዩ፦ የሰጠሁት የሐሰት ቃል እንዲሰረዝና ጎረቤቴ አቶ ዎልተር ኤይሲንግ ከተጠርጣሪነት ነፃ እንዲሆኑ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ወይዘሮ ሄንድሪክዬ ታሊንግ፣ ሴፕቴምበር 21 ቀን የአቶ ዎልተር መኪና ከደጃፋችን በተሰረቀ ጊዜ ለመርማሪዎ የሰጠሁት ቃል እውነት አልነበረም። እውነቱን እነሆ በትሕትና አቀርባለሁ።

1. አቶ ዎልተር እህታቸውን ሊጠይቁ በባቡር ሲሄዱ፣ ማዘጋጃ ቤቱ መንገዱን ሊቆፍር ከመጣ መኪናዋን ፈቀቅ እንዳደርግላቸው ሪሞት ቁልፉን ለእኔ ተዉልኝ። የሰጡኝም ክዳኑ ግጥም በሚል የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አድርገው ነው። "ሄንድሪክዬ፣ አደራሽን ከዚህ እንዳታወጪው። ቁልፉ ዝም ብሎ ተቀምጦም ምልክት ይልካል፤ ሌባ ከውጭ ሆኖ ይጠልፈዋል" አሉኝ። "አንተ ደግሞ! ቁልፍ ያወራል እንዴ?" ብዬ ሳቅሁባቸው። "ካንቺ ያነሰ ያወራል" ብለውኝ ሄዱ። ሠላሳ አንድ ዓመት በጉርብትና ኖረናል፤ አነጋገራችን እንዲህ ነው።

2. ሴፕቴምበር 21፣ ቅዳሜ፣ ልደቴ ነበር። የእኔ ቆርቆሮ ዝጓል፤ የሟች ባለቤቴ እህት ጊሼ ደግሞ ዝገት ካየች እስከ ገና ወሬው አያልቅም። ስለዚህ ቁልፉን አውጥቼ በሩ አጠገብ ካለው ማንጠልጠያ ሰቀልኩት፤ ብስኩቱን ወደ አቶ ዎልተር ቆርቆሮ ገለበጥኩ። እንግዶቼ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። እንደ ወጋችን ለእያንዳንዳቸው ከቡና ጋር አንድ አንድ ብስኩት አዙሬ ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁ። ክቡር ሆይ፣ ብስኩቴን ከገዛ እንግዶቼ እንደዚያ ስጠብቅ፣ የሰው አደራ በር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

3. ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቦርሳ ያነገተ ሰው የቤቴን በር ተጠግቶ ስልኩን እያየ ቆመ። በመስኮት እጄን አውለበለብኩለት፤ እሱም አጸፋውን መለሰ። "ማነው?" አለች ጊሼ። "አድራሻ የጠፋበት ይሆናል" አልኳት። "እንግዲያው ጥሪው፤ ብስኩቱ እንደሆን አልተነካም!" ብላ ቤቱን በሳቅ ሞላችው። ያን ጊዜ ነው የሰውዬው ጓደኛ መኪናዋን ይዟት የሄደው። መርማሪዎ ስለዚህ ዓይነት ስርቆት እንዳስረዱኝ፣ በቦርሳው ያለው መሣሪያ የቁልፉን ምልክት ከውጭ ለቅሞ መኪናዋ አጠገብ ለቆመው ያቀብላል። መኪናዋም ባለቤቷ የመጣ መስሏት ትከፈታለች፣ ትነሣለችም። መስታወት አይሰበር፣ ጩኸት አይሰማ።

4. እስከዚህ ድረስ ጥፋቴ ቸልተኝነት ነበር። የቀረው ግን ኃጢአት ነው። እንግዶቹ እንደወጡ መኪናዋ የነበረችበትን ባዶ ቦታ አየሁ። ፖሊስ ከመጥራቴ በፊት ፍርፋሪውን ጠርጌ ቁልፉን ወደ ቆርቆሮው መለስኩና ለመርማሪዎ "ከዚህ ንቅንቅ አላለም" አልኩ። ቆርቆሮው ተፈተነ፤ ምልክት አያሳልፍም። እንግዲያው የመኪናዋ በር የተከፈተው በሁለተኛው ቁልፍ ነው፣ እሱም ያለው በአቶ ዎልተር እጅ ነው ተባለ። የኢንሹራንስ ካሣ ፈልገው የገዛ መኪናቸውን አሰርቀዋል ተብለው ሁለት ጊዜ ተመረመሩ። ዛሬ ዳቦ ቤት ሲገቡ ወሬ ይቆማል። ሲወጡ የሚባለውን ሁሉ እኔ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ ወሬ የማያመልጠኝ ሴት አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

ትናንት ከጓሯቸው ያወጡትን ድንች ይዘውልኝ መጡ። "በዚህ መንደር ያላማሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ" አሉኝ። ድንቹን ተቀበልኩ። አመሰግናለሁም አልኩ።

ስለዚህ የቀድሞ ቃሌ ተሰርዞ ይህ እንዲተካ፣ የአቶ ዎልተር ንጽሕና በጽሑፍ እንዲገለጽላቸው፣ ለእኔም የሚገባኝ ቅጣት እንዳይቀርልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ሐሙስ ጠዋት ለሦስተኛ ጊዜ እንዲቀርቡ ታዘዋል፤ እዚያ ወንበር ላይ የምቀመጠው እኔ ልሁን።

ለእሳቸው የምነግራቸው እኔው ነኝ። ይህን ደብዳቤ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ከጨመርኩ በኋላ፣ ሐሳቤን መለወጥ በማልችልበት ሰዓት፣ በራቸውን አንኳኳለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታና ከብዙ ሀፍረት ጋር፣

(ፊርማ)
ሄንድሪክዬ ታሊንግ