ሁለት ቁራጭ ፓይ በልቼ የሰጠኋት ፊርማ

ውድ ወንድሜ ዌንደል፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ከጀልባ ስትወርድ ያዳለጠህ እግር ዳነ ወይስ እንደ ልማድህ «ምንም አይደለም» እያልክ እያነከስክ ነው? ሮዛሊ ደህና ናት? ያ ሳል ለቀቃት? የኮዲያክ ዝናብ አንድ ቀን እንኳ ፋታ ይሰጣችኋል? እኛ ደህና ነን። ባሌ ጎርዲ የክረምቱን እንጨት ፈልጦ፣ ከግድግዳው ጋር ደርድሮ፣ አሁን በየቀኑ እየወጣ ቆሞ ያየዋል። ሐይቁ ገና አልቀዘቀዘም። እኔ ደግሞ ከደህናም በላይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ልነግርህ ነው ይህን ሁሉ ወረቀት የያዝኩት፤ ስለዚህ ጫማህን አውልቀህ፣ ቁጭ ብለህ አንብበው።

እንደምታውቀው በዚህ ወር ስልሳ አምስት ዓመት ሞላኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ዓሣ እየሰነጠቅሁ አጥንት ሳወጣ የኖርኩበት ዓሣ ቤት በሴፕቴምበር መጨረሻ በኬክና በጭብጨባ አሰናበተኝ፤ ከደመወዙ ጋር የጤና ኢንሹራንሱም አብሮ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ያለው ስልሳ አምስት ለሞላው ሰው መንግሥት የሚሰጠው ኢንሹራንስ፣ ሜዲኬር ነው። ጎርዲ የቀድሞ ወታደር ስለሆነ ሕክምናውን በዚያ በኩል ያገኛል፤ የኔን ግን ራሴ መምረጥ ነበረብኝ። ያን ሰሞን ስደውልልህ «ወርሃዊ ክፍያው የሚያንሰውን ያዢና ተገላገይ» ብለኸኝ ነበር። ምክርህን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልህ ጎርዲ ነበር፤ የጎርዲን የእጅ ጽሑፍ ደግሞ አንተም ታውቀዋለህ።

የኔ ነገር እጄ ነው፣ ዌንደል። የቁርጥማቱን ነገር በስልክ ስቀልድበት ስለምትሰማ ቀላል ይመስልህ ይሆናል። በ2011 ክረምት፣ ሕመሙ እንደተገኘብኝ፣ መጀመሪያ የሰጡኝ ርካሹን እንክብል ነበር። አፌ ቆሰለ፣ ጉበቴ ታወከ፣ ጣቶቼ ግን እንደተጨማደዱ ቀሩ። ኮቴን የሚቆልፍልኝ ጎርዲ ነበር። ፀጉሬንም እሱ ያበጥረኝ ነበር፤ ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። በኋላ ዱሉት ከተማ ያለችው ሐኪሜ በየአሥራ አምስት ቀኑ ጭኔን የምወጋውን መድኃኒት አዘዘችልኝና በሁለት ወር ውስጥ ቢላዬን ያዝኩ። ያ መድኃኒት ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። ኢንሹራንስ ካልከፈለው እኔና ጎርዲ ቤቱን ብንሸጥም ብዙ አያስኬደንም። እንግዲህ በዚህ መኸር የምመርጠው እጄን ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የአርሊን ልጅ ኪፕ ሉንዲን፣ ያ በትግል ዋንጫ ያመጣው፣ ዛሬ ኢንሹራንስ ሻጭ ነው። ኦገስት ላይ፣ ስልሳ አምስት ሊሞላን የተቃረብነውን ሁሉ በቀድሞ ወታደሮች አዳራሽ ሰበሰበን፤ ቡና ቀረበ፣ እናቱ ፍሬ ሞልታ የጋገረችው የቼሪ ፓይ ቀረበ። አንድ ቁራጭ በላሁ። አርሊን ሳትጠይቀኝ ሁለተኛ ጣለችልኝ። ኪፕ ሁሉን በአንድ ላይ የጠቀለለ ኢንሹራንስ አለኝ አለ፤ ሐኪሙ፣ ሆስፒታሉ፣ መድኃኒቱ፣ ጥርሱ፣ መነጽሩ፣ ስፖርት ቤቱ ሳይቀር። እኔ ስፖርት ቤት ሄጄ ምን ልሠራ እንደሆነ እሱ ያውቃል። የመድኃኒቴን ስም ስነግረው ዝርዝሩን ገለጠና በጣቱ እያሳየ «ይኸው እትዬ ማርሊስ፣ አለልዎት! ምን ያስጨንቅዎታል?» አለኝ። ስሙ በእርግጥም ነበረ። የፈረምኩት ግን ለዚያ ብዬ አይደለም። ሁለት ቁራጭ በልቼ ሳልፈርም መውጣት ስላፈርኩ ነው። አንተም እዚሁ ያደግህ ልጅ ነህ፤ የሰው ፓይ ጠርጎ በልቶ «እስቲ ላስብበት» ማለት እኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋህም። ከኔ በፊት ሰባት ሰው ፈርሟል፤ አንዱም ትንፍሽ አላለም። ሳህናችንን መለስን፣ አመሰገንን፣ ወደየቤታችን ሄድን።

ከእንቅልፌ ያነቃችኝ የፋርማሲዋ ዳርላ ናት። መድኃኒቴን ልወስድ ሄጄ ኢንሹራንስ እንደምቀይር ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። «ማርሊስ፣ ያንቺን መድኃኒት ሁሉም እኩል አይሸፍነውም። ማክሰኞ ማክሰኞ ወይዘሮ ሰንድቫል በአረጋውያን ማእከል ትቀመጣለች፤ ነጻ ነው፣ እሷ ምንም አትሸጥም። ያለሽን ብልቃጥ ሁሉ ሰብስበሽ ሂጂ» አለችኝ። ወይዘሮ ሰንድቫል ማለት ያቺው የትምህርት ቤታችን የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ናት፤ የመርከቡን መጽሐፍ አልመልስ ብለህ ጆሮህን የቆነጠጠችህ። ሰባ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ዛሬም ስታናግርህ ድምፅህን ቀንስ የምትል ነው የሚመስለው።

ብልቃጦቼን በፌስታል አንጠልጥዬ ሄድኩ። የመድኃኒቶቼን ስም በወረቀት ጽፌ ነበር፤ ሳታየው ወደ ጎን አደረገችው። «ወረቀትሽን ተዪውና ብልቃጡን አምጪ። ሰው የሚውጠውን በቀለሙ እንጂ በስሙ አያውቀውም» አለችኝ። አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች፣ መጠኑን ሳይቀር ኮምፒውተሩ ላይ መታች። ከዚያ የኪፕን ዝርዝር ከፍታ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ አወረደችና በጣቷ እየተከተለች አነበበች። «ስሙን አይተሻል፤ ከስሙ ጎን ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፊደላት ግን አላየሽም» አለች። ፊደላቱ ምን ማለት እንደሆኑ ስጠይቃት፣ ይህን መድኃኒት ከመክፈላችን በፊት ርካሹ ተሞክሮ አለመሥራቱ ይታይ ማለት ነው አለችኝ። ርካሹ የቱ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ያ አፌን ያቆሰለው እንክብል ነበር።

ሞክሬዋለሁ እኮ፣ ከስምንት ዓመት በፊት ሞክሬዋለሁ አልኳት። «አውቃለሁ፤ ሐኪምሽም ጽፋ ልትከራከርልሽ ትችላለች፤ ምናልባትም ትረቺያለሽ። ግን ደብዳቤው ሲሄድና ሲመለስ ጣቶችሽ ቁጭ ብለው ይጠብቁልሻል?» አለችኝ። ከዚያ አለቅሳለሁ ብላ ፈርታ መሰለኝ፣ የማስታወሻ ወረቀት አቀበለችኝና ኮምፒውተሩን ወደኔ አዞረችው። አንድ ሰዓት ተኩል አብረን ስንፈልግ ቆየን። መጨረሻ ላይ ዋናውን የመንግሥቱን ሜዲኬር፣ እሱ የማይከፍለውን የሚሞላ ደጋፊ ኢንሹራንስና ለብቻው የመድኃኒት ኢንሹራንስ ያዝኩ። የኔ መድኃኒት በዚህኛው ዝርዝር ላይ ስሙ ብቻውን ቆሟል፤ ከጎኑ ምንም የለም። በወር የምከፍለው ከኪፕ ይበልጣል፤ ይብለጥ። የኪፕ ገና ስላልጀመረ አዲሱን ስመዘገብ በራሱ ጊዜ ይሰረዛል አለችኝ፤ ለኪፕ ምንም መንገር አያስፈልግም።

እኔ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልችልም። እጁን ጨብጬ የፈረምኩለትን ሰው ከኋላው ዞሬ አልተወውም። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሐሙስ፣ ኪፕ ሁለተኛ ስብሰባ ጠርቶ ነበር። ጎርዲን አስከትዬ ሄድኩ። አርሊን ሳህን ስትዘረጋልኝ «ዛሬ አልበላም፣ አርሊን» አልኳት፤ ከአንገቷ ቀና ብላ አየችኝ። አርባ ሰው ይሆናል። ኪፕ ንግግሩን ጨርሶ እንደ ደንቡ ጥያቄ ያለው ካለ አለ፤ እንደ ደንቡ ሁሉም ሳህኑን አየ። እኔ ተነሣሁ። «ኪፕ፣ እነዚያ ከመድኃኒቶቹ ስም ጎን ያሉት ፊደላት ምንድን ናቸው?» አልኩት።

ኪፕ ፈገግ ብሎ «እሱ የቢሮ ነገር ነው፣ እትዬ ማርሊስ፤ አያሳስብዎት» አለ። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ብቻ ነው አልኩትና እጄን ከፍ አድርጌ ለሰዉ አሳየሁ። የ2011ን ክረምት ነገርኳቸው። ኮቴን ነገርኳቸው። ፀጉሬንም ነገርኳቸው፣ ዌንደል፣ ጎርዲ አጠገቤ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ተቀምጦ። ከዚያ ኪፕን፣ ፊርማዬን አንስቻለሁ፣ ፊት ለፊት ልነግርህ ብዬ ነው የመጣሁት አልኩት። ከኔ ቀጥሎ አፉን የከፈተው ቨርን ኦላፍሰን ነው፤ በሕይወቱ ሁለት ዓረፍተ ነገር አከታትሎ የማይናገረው ቨርን። «እንዴ ኪፕ፣ የኔ የልብ መድኃኒት ጎንስ ምን ተጽፎበታል? ቆይ እስቲ፣ ያን ወረቀት ወዲህ በለው!» አለ። ከዚያማ ማን ያቁመው! አንዱ የእንቅልፍ መድኃኒቱን፣ አንዷ በአፏ የምትስበውን የአስም መድኃኒት፣ ሁሉም መነጽሩን እያወጣ ዝርዝሩን ሲቀማማ የዓሣ ጨረታ መሰለ። እስክሪብቶዎቹ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ቀሩ። ያን ምሽት አንድም ሰው አልፈረመም፤ ፓይው ግን አላለቀም ብዬ አልዋሽህም።

በቀጣዩ ማክሰኞ በአረጋውያን ማእከሉ በር በኩል ባልፍ፣ ሰልፉ እስከ መኪና ማቆሚያው ደርሷል። ሁሉም ብልቃጡን በፌስታል፣ በቅርጫት፣ ቨርንማ በዓሣ ማጥመጃ ሣጥኑ ይዞ ቆሟል። በሰልፉ መጨረሻ ላይ ማንን ባይ ጥሩ ነው? ኪፕ ሉንዲንን፤ የእናቱን መድኃኒቶች ታቅፎ። «እትዬ ማርሊስ፣ እናቴን ያስፈረምኳት እኔ ነኝ» አለኝ ዓይኑን ሰብሮ። አልተቆጣሁትም፤ ክፉ ልጅ አይደለም። ከፊቱ የነበሩት ሁለት ሴቶች ግን ወረፋ አልለቀቁለትም።

አንተም ሁለት ዓመት ነው የቀረህ። «እኔ መድኃኒት አልወስድም» ብለህ የመድኃኒቱን ክፍል እንዳትዘለው፤ ዘግይቶ የገባ ሰው ዕድሜ ልኩን ቅጣት እየተጨመረበት ይከፍላል። ስልሳ አምስት ሊሞላህ ሦስት ወር ሲቀርህ እደውልልሃለሁ፤ ስልኩን ባታነሣ ለሮዛሊ እደውላለሁ።

ኦክቶበር በገባ በአራተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ፋርማሲ ሄድኩ። ዳርላ ቁጥሬን አስገባች፣ ጠበቀች፤ እኔም ጠበቅኩ። ኮምፒውተሩ ጮኸ። «አለፈ! ኢንሹራንሱ ከፍሎታል» አለችና ከማቀዝቀዣው ሣጥኑን አውጥታ ሰጠችኝ። መኪናው ውስጥ ገብቼ ያን ቀዝቃዛ ሣጥን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ደስታ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ስልሳ አምስት ዓመት ሙሉ ሰው እንዳይቀየመኝ ብዬ እሺ እያልኩ አንገቴን ስነቀንቅ የኖርኩ ሴት፣ አንድ ጊዜ ብነሣ እጄን አተረፍኩ።

ጎርዲ ሰላም ብሎሃል፤ ስለ ፀጉሬ ነገር እንዳታነሣበት ለምኖሃል፤ አንተ ግን አንሣበት። ሮዛሊን በኔ ስም እቀፋት፤ ለሳሏ የማር ብልቃጥ ልኬላታለሁ። ትልቁን ልጅህን ሃርላንንና ሚስቱን ኖራን ሰላም በልልኝ። ከማሩ ጋር ያለው የሰፋሁት ብርድ ልብስ ለተወለደችላቸው ሕፃን ነው። ስፌቱ እዚህም እዚያም ጠመም ያለ ነው፤ ኖራ እንዳታቃናው ንገራት። በመርፌው ቀዳዳ ውስጥ ክሩን ያስገባሁት ራሴ ነኝ፤ ማንም አላገዘኝም።

የምትወድህ እህትህ
ማርሊስ ሃውገን

አሽላንድ፣ ዊስኮንሲን
ኦክቶበር 19 ቀን 2019